ብስክሌተኛን ከቅርብ ለማንሳት፦ የሰፊ ሌንስ አመራረጥ ከኢዲዶ መንገድ ዳር

ከይርጋጨፌ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ኢዲዶ የሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኙ እንሰት ነው። ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብርብራ። መንገዱ ዳር ቆመው ብስክሌተኛ ሲመጣ «ትንሽ ወደ ኋላ ልበልና ሙሉውን ላንሳው» ቢሉ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጀርባዎ የእንሰት ግንድ ያገኛል። እኔ የተማርኩት እዚያው ነው። ካሜራዬ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሜ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ወጣት ባዶ ጆንያ ጠቅልሎ ከኋላው አስሮ ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዘ እየለቀቀ ወረደ። ሦስት ጊዜ አነሳሁት። በመጀመሪያው ፎቶ ልጁ ገና ሩቅ ነው። በሁለተኛው ጉልበቱና ግማሽ ጎማው ብቻ አለ። በሦስተኛው የቀረው አቧራው ነው። ቀዩ አፈር፣ የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል፣ ከታች በማስጫ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና፣ ለማየት የሄድኩት ነገር በሙሉ ከፎቶው ውጭ ቀረ።

ሌንሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለቦታው የሚሆን አልነበረም። እንዲህ ላለ ቦታ የሚሆነው ፎቶ አንሺዎች «ዋይድ» የሚሉት ሰፊ ሌንስ ነው፤ ያውም ዙም ያለው። እንዴት እንደሚመረጥ ደረጃ በደረጃ ላሳይዎ። ምሳሌዬ ኢዲዶና አካባቢው ይሁን እንጂ ዲላ ከተማ ውስጥ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ባሕር ዳር፣ ወይም አዲስ አበባ በብስክሌት መስመሮቹ ላይ ለሚያነሳ ሰውም ስሌቱ ያው ነው። ሱቅ ከመግባትዎ በፊት ግን መጀመሪያ መንገዱ ዳር ሄደው ይቁሙ።

አንደኛ፦ ርቀትዎን በእርምጃ ይለኩ

ሊያነሱ ባሰቡበት ቦታ ይቁሙና ብስክሌተኛው ከሚያልፍበት መስመር እስከ እርስዎ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይቁጠሩ። ከዚያ ከኋላዎ ስንት እርምጃ እንደሚቀር ይቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ስልክዎ ላይ ይጻፉ። ለሌንስ የሚያወጡትን ገንዘብ የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የሴንሰሩ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር በሆነ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥመው ከብስክሌቱ በ2 ሜትር ርቀት ቢቆሙ፣ ካሜራው ከጎን እስከ ጎን 4 ሜትር ተኩል ያህል ያያል። በ24 ሚሊ ሜትር 3 ሜትር ያያል፤ በ35 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም። አንድ አዋቂ የሚነዳው ብስክሌት ከፊት ጎማው ጫፍ እስከ ኋላ ጎማው ጫፍ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ2 ሜትር ርቀት 35ቱ ብስክሌቱን ብቻ ይዞ ይሞላል። 16ቱ ብስክሌቱን ከፎቶው ሲሶ በሚበልጥ ቦታ ላይ አስቀምጦ የቀረውን ለእንሰቱ፣ ለመንገዱና ለሰማዩ ይተዋል።

አሁን ስሌቱን ገልብጠው ይመልከቱት። በዚያው በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10 ሜትር ርቀው ቢቆሙ ካሜራው 22 ሜትር ከግማሽ ያህል ያያል፤ ብስክሌቱም ከፎቶው ስፋት አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ሰፊ ሌንስ ገዝተው «ሁሉ ነገር ጉንዳን ሆነብኝ» የሚሉ ሰዎች ችግራቸው ይህ ነው። የሚቆሙበት ቦታ ሁልጊዜ ከብስክሌተኞቹ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚርቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ገመድ የታጠረበት የከተማ ውድድር ከሆነ፣ ሰፊ ሌንስ አይግዙ። ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ይበቃዎታል፤ ካልሆነም ገንዘቡን ለረጅም ሌንስ ያቆዩት። ሰፊ ሌንስ የሚጠቅመው ከ1 እስከ 3 ሜትር መጠጋት ለሚችልና ለሚፈልግ ሰው ነው።

በብስክሌት ስፖርት ውስጥ እንዲህ መጠጋት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መስከረም ላይ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ፣ በድንጋይ ንጣፉ አቀበት ላይ ተመልካቹ ከብስክሌተኛው በክንድ ርቀት ቆሞ ይጮህ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ረጅም ሌንስ የአንዱን ፊት ብቻ ቆርጦ ያወጣል፤ ሰፊው ግን ላቡንም ሕዝቡንም አቀበቱንም በአንድ ፎቶ ይይዛል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በሆነበት ጊዜ የብዙዎቻችን ዓይን ከቴሌቪዥን መስኮት አልፎ አልሄደም። የራሳችንን ብስክሌተኞች በራሳችን አቀበት ላይ በቅርብ ያሳየናቸው ግን በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይህ ጉድለት ነው።

ሁለተኛ፦ የካሜራዎን ሴንሰር ይወቁ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን በብዛት በእጅ ያሉት ካሜራዎች ሴንሰራቸው ከፉል ፍሬም ያነሰ፣ «ክሮፕ» የሚባሉ ናቸው። የካኖን ክሮፕ ካሜራ የሌንሱን ቁጥር በ1.6፣ የኒኮንና የሶኒ ደግሞ በ1.5 ያበዛዋል። ስለዚህ አንድ ሰው «ትልልቆቹ ባለሙያዎች የያዙት ነው» ብሎ 16-35 ገዝቶ በካኖን ክሮፕ ካሜራ ላይ ቢገጥመው በእጁ ያለው እንደ 26-56 የሚያይ ሌንስ ነው። ጥሩ ሌንስ ነው፤ ሰፊ ግን አይደለም።

ለክሮፕ ካሜራ ሰፊ የሚባለው ከ10 ወይም ከ11 ሚሊ ሜትር የሚጀምር ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው 10-18 እና ኒኮን በ2017 ያወጣው 10-20 ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው 240 ግራም፣ ሁለተኛው 230 ግራም ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ አንገትዎ ላይ ቢውሉም አይከብዱም። የካኖኑ 10 ሚሊ ሜትር በክሮፕ ካሜራ ላይ የሚያየው በፉል ፍሬም 16 ሚሊ ሜትር የሚያየውን ነውና ከላይ ያሉት የርቀት ስሌቶች እንዳሉ ይሠራሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። የኒኮኑ 10-20 እንደ ዲ90፣ ዲ3100 እና ዲ7000 ባሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርግም። ሁለተኛው፣ በየቦታው ያገለገለ ሆኖ የሚገኘው የቶኪና 11-16 የመጀመሪያ እትም ለኒኮን ሲሠራ የራሱ ሞተር አልነበረውም፤ ስለዚህ በዲ3000 እና በዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ላይ ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው። ይህ ሁለተኛው ለእኛ ሥራ ያን ያህል አይጎዳም፤ ምክንያቱን ስለ ፎከስ ስናወራ ያዩታል።

ሦስተኛ፦ ለብርሃን ስንት ይከፍላሉ?

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርዎት «ይሄ ኤፍ 2.8 ነው» ብሎ ነው። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ እውነት ነው። ዋጋውና ክብደቱም አብረው ይጨምራሉ። የካኖን 16-35 ኤፍ 4 ክብደት 615 ግራም ሲሆን ሦስተኛው እትም 16-35 ኤፍ 2.8 ደግሞ 790 ግራም ነው። ቆየት ያለው የኒኮን 14-24 ኤፍ 2.8 አንድ ኪሎ ይደርሳል። ጥያቄው ያ እጥፍ ብርሃን በኢዲዶ መንገድ ላይ ያስፈልግዎታል ወይ ነው።

በተግባር እንየው። አቀበት የሚወጣ ብስክሌተኛ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ ከ3 ሜትር ትንሽ ያልፋል። በ1/1000 ሹተር ፍጥነት ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁልቁለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ግን በዚያው ቅጽበት 8 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ እርስዎም በ2 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆኑ ብዥታው ይታያል። ለእሱ 1/2000 ያድርጉ። በቡናው ጥላ ሥር፣ ብርሃኑ በዋንዛው ቅጠል ተጣርቶ በሚወርድበት ቦታ፣ በኤፍ 4 እና በ1/1000 አይኤስኦ 1600 ገደማ ይጠይቃል፤ ቁልቁለት ለሚወርደው ደግሞ 3200። በኤፍ 2.8 ያው ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ያለፉት አሥር ዓመታት ካሜራዎች አይኤስኦ 1600ን ሳይቸገሩ፣ 3200ን ደግሞ ለጋዜጣና ለስልክ በሚበቃ ጥራት ይሠራሉ። ከጥላው ወጥተው ፀሐይ ላይ ከቆሙ በኤፍ 8 እና በ1/1000 አይኤስኦ 200 ይበቃል።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ለቀን የብስክሌት ፎቶ ኤፍ 4 ይበቃል። ኤፍ 2.8 የሚያስፈልገው በምሽት ለሚካሄድ ውድድር፣ ወይም ይህንኑ ሌንስ በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ለሚሠራበት ሰው ነው። በሠርግ ሥራ እየኖሩ ብስክሌትን በትርፍ ጊዜዎ የሚያነሱ ከሆነ ለኤፍ 2.8 የሚከፍሉት ልዩነት ይመለስልዎታል።

የንዝረት መቀነሻውስ? ከእጅዎ የሚመጣ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ የሚሮጠውን ብስክሌተኛ ግን አያቆመውም። ቪዲዮ ከቀረጹ ይጠቅምዎታል። ለፎቶ ብቻ ከሆነ ለእሱ ብለው ተጨማሪ ብር አይክፈሉ።

አራተኛ፦ ፎከሱ በእጅ እንዴት ይዞራል?

ፎቶው የሚወጣውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ብስክሌተኛ በሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ከ10 ሜትር ርቀት እስከ አፍንጫዎ ድረስ ለመድረስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ራሱ በራሱ የሚያተኩር ፎከስ፣ ውድ የተባለው እንኳ፣ በመጨረሻዋ ሁለት ሜትር ላይ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፤ ወይም ልጁን ትቶ ከኋላው ያለውን የእንሰት ቅጠል ይይዛል።

መፍትሔው ቀድሞ ማተኮር ነው። ብስክሌተኛው በሚያልፍበት መስመር ላይ አንድ ጠጠር ይምረጡ። እኔ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ድንጋይ እፈልጋለሁ፤ ከጠፋ ደግሞ የወደቀ የዋንዛ ቅጠል አስቀምጣለሁ። በድንጋዩ ላይ ፎከስ ያድርጉና ሌንሱን ወደ በእጅ ፎከስ ይቀይሩት። ከዚያ ቀለበቱ እንዳይንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ፕላስተር በአንድ ዙር ይለጥፉበት። አሁን ሌንሱ የሚያየው ያንን ድንጋይ ነው። ብስክሌተኛው ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ይጫኑ።

ሰፊ ሌንስ በዚህ ሥራ የሚረዳዎት ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ብዙ ስለሆነ ነው። በፉል ፍሬም 16 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 8፣ ፎከሱን ከ1 ሜትር ትንሽ አለፍ አድርገው ቢያስቀምጡ ከግማሽ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ በቂ ጥራት ይኖረዋል። በኤፍ 4 ደግሞ ፎከሱ ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ከ1 ሜትር ገደማ እስከ አድማስ። ሥራውን የሚሠራልዎት የሌንሱ ስፋት ራሱ ነውና የፎከስ ሞተሩ ፈጣን መሆን አለመሆኑ ብዙ አያሳስብዎ።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገሮችን እንዲመለከቱ የምመክረውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ሌንሱ ላይ የርቀት ቁጥር የሚታይበት መስኮት መኖሩ ነው። የካኖን 17-40 እና 16-35 አላቸው፤ 10-18ቱ የለውም። መስኮቱ ካለ ፎከሱን ሳያዩ በጣትዎ 1 ሜትር ላይ ማስቀመጥ ይችላሉ። ከዚያ የፎከስ ቀለበቱን ይሞክሩ፤ ልል ሆኖ በልብስዎ ጭምር የሚዞር ከሆነ መንገድ ላይ ያስቸግርዎታል። በመጨረሻ ሌንሱ ምን ያህል ቀርቦ እንደሚያተኩር ይጠይቁ። 17-40ም ሆነ 16-35 ኤፍ 4 እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ቀርበው ያተኩራሉ፤ 10-18ቱ እስከ 22። ብስክሌቱ ቆሞ ካቴናውን፣ ፔዳሉን፣ በጭቃ የተለወሰውን ቸርኬ ከሩቁ ኮረብታ ጋር ለማንሳት ይህ ቅርበት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ አቧራ፣ ጭቃና እርጥበት

ይርጋጨፌ ያለችበት ጌዴኦ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ አገር ነው። አንዱ በበልግ፣ ሌላው ከክረምቱ ማለቂያ ጀምሮ ይወርዳል። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ይለቀማል፤ መንገዱም ቡና በሚያመላልሱ መኪኖች ይሞላል፣ ዝናቡ ሲቆም ቀይ አቧራው ይነሳል። ለብስክሌት ፎቶ ከሁሉ የሚያምረው ወቅትም ያው የለቀማው ወቅት ነው። ስለዚህ ሌንስዎ አቧራም ጭቃም ያገኘዋል።

ዙም ሲያደርጉ ከፊት የማይረዝም ሌንስ ይምረጡ። እየረዘመ እያጠረ የሚሄድ ሌንስ እንደ ወናፍ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራውን። የካኖን 16-35 ኤፍ 4 እና ለሶኒ ካሜራ የተሠራው የታምሮን 17-28 ርዝመታቸው አይለወጥም። ሁለቱም ከአቧራና ከጠብታ የሚከላከል ጎማ ተደርጎላቸዋል። በካኖኖቹ 17-40 እና 16-35 ላይ ግን መከላከያው የሚሟላው ከፊት ፊልተር ሲገጠም ነው፤ ይህን አምራቹ ራሱ ይናገራል። ሌንሱን በገዙ ቀን ፊልተሩን አብረው ይግዙ፤ 17-40ም 16-35 ኤፍ 4ም 77 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ።

በዚህ ምክንያት ያንን ቆየት ያለ የኒኮን 14-24 ለጠጠር መንገድ አልመክረውም። በጥራቱ ስመ ጥር ነው፤ የፊት መስታወቱ ግን እንደ ዓይን ወጣ ብሎ ያበጠ ስለሆነ ተራ ፊልተር አይገጠምለትም። ከብስክሌት ጎማ የተፈናጠረ አንድ ጠጠር ያን መስታወት ካገኘው ሌንሱ አለቀ ማለት ነው። ሁለት ሜትር ላይ ለቆመ ሰው ጠጠር መፈናጠሩ የዘወትር ነገር ነው።

ከአቧራው የባሰ ጠላት እርጥበት ነው። በቡና ጥላ አገር የሚኖር ሰው ሌንሱን በቆዳ ቦርሳ ከቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ለሁለት ወር ካስቀመጠው በመስታወቶቹ መካከል ሻጋታ ሊበቅልበት ይችላል። ሻጋታው ሲጀምር እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነው፤ ከቆየ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል። መከላከያው ርካሽ ነው። ክዳኑ አጥብቆ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይግዙ፤ በአዲስ ጫማና በኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስበው ከሌንሱ ጋር ይክተቱ፤ በየሳምንቱም አውጥተው ይሥሩበት።

ስድስተኛ፦ ጠርዙን ይፈትሹ

ሰፊ ሌንስ በፎቶው ዳር ያለውን ነገር ይለጥጣል። ክብ ጎማ ጠርዝ ላይ ከዋለ እንቁላል ይሆናል፤ የሰው ፊት ጠርዝ ላይ ከዋለ ባለቤቱ አይወደውም። ይህ የሌንሱ ጉድለት አይደለም፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የሚመጣ ነው። ሌንሱን ሊገዙ ሲሄዱ የሚቻል ከሆነ ብስክሌት ያለው ጓደኛ ይዘው ይሂዱ። ከሱቁ በር ላይ አቁመው በሌንሱ አጭር ጫፍ አንድ ጊዜ መሃል፣ አንድ ጊዜ ጠርዝ ላይ ያንሱት። ከዚያ በ20፣ በ24 እየለወጡ ይድገሙ። ጎማው ክብ ሆኖ የሚታይበትን ቁጥር ያገኙታል። እኔ አብዛኛውን የብስክሌት ፎቶዬን በ20 እና በ24 መካከል የማነሳው እንዲህ ሞክሬ ነው፤ 16ን የምጠቀመው ልጁ ከእኔ አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ዙም ይሁን የምለውም ለዚህ ነው። ያው ልጅ የቡና መፈልፈያ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ላቡን ሲጠርግ ደግሞ 35ቱ ፊቱን ሳይለጥጥ ያነሳዋል፤ አቧራ ውስጥ ሌንስ መቀየር ሳያስፈልግዎ።

ሰባተኛ፦ ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ

አዲስ ሰፊ ሌንስ ለብዙዎቻችን ኪስ ይከብዳል፤ ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም። ነገር ግን ሳይፈትሹ ገንዘብ አይስጡ። እኔ አንድ ጊዜ በጥድፊያ፣ አመሻሽ ላይ፣ መብራቱ ደብዛዛ በሆነ ሱቅ ውስጥ ገዝቼ ሄድኩ። በማግስቱ ፀሐይ ፊት ለፊት ሳነሳ ፎቶው ሁሉ ወተት የተደፋበት መሰለ። ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። የሌንሱን ሁለቱንም ክዳን አውልቄ፣ አፐርቸሩ የሚከፈት ከሆነ ከፍቼ፣ የስልኬን መብራት ከአንዱ ወገን እያበራሁ ከሌላው ወገን ዘንበል አድርጌ አየዋለሁ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ቢኖር ግድ የለም፤ ድር የመሰለ ነገር ካየሁ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አልወስድም። ቀጥሎ በራሴ ካሜራ ላይ ገጥሜ ጽሑፍ ያለበት ግድግዳ ወይም ጋዜጣ በቀጥታ ፊት ለፊት በኤፍ 4 አነሳለሁ፤ አራቱን ማዕዘኖች አጉልቼ አወዳድራለሁ። ሦስቱ ጥርት ብለው አራተኛው ብዥ ካለ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረዋለሁ፤ አሸዋ ያለበት ሌንስ ሲዞር ይንገጫገጫል፣ ጆሮዎን አስጠግተው ይስሙት። በመጨረሻ ሁድ የሚባለው ጥላው አብሮ መኖሩን እጠይቃለሁ።

ስምንተኛ፦ መንገድ ላይ

ሌንሱ ከተገኘ በኋላ በጠዋት ይውጡ፤ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን በእንሰቱ መካከል አግድም ይገባል። ይርጋጨፌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ቀትር ላይ ፀሐይ በአናት ትቆማለች፤ በዚያ ሰዓት የብስክሌተኛው ዓይን ከቆቡ ጥላ ሥር ይጠፋል። ቀትር ላይ ማንሳት ግድ ከሆነ ዝቅ ብለው ከታች ወደ ላይ ያንሱ፤ ከቀዩ አፈር የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን ትንሽ ያበራዋል።

ዝቅ ማለት ለሌላም ነገር ይረዳል። በሰፊ ሌንስ ከቆመ ሰው ዓይን ከፍታ የተነሳ አቀበት ሜዳ ይመስላል። ካሜራውን ወደ ጎማው መሃል ከፍታ ሲያወርዱት ግን መንገዱ ይቆማል፤ ልጁ የሚገፋው ዳገት ዳገትነቱ ይታያል። በጌዴኦ ዳገት የሌለበት ፎቶ አገሩን አይመስልም።

ፍጥነቱን ማሳየት ከፈለጉ ሹተሩን ወደ 1/30 ዝቅ አድርገው ካሜራውን ከብስክሌተኛው ጋር አብረው ያዙሩ። እንሰቱ አረንጓዴ ጅረት ይሆናል፤ ልጁ ከመሃሉ ይወጣል። ከአሥር አንዱ ቢሳካልዎ ጥሩ ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሰፊ ሌንስ ውስጥ ሲያዩ ሁሉም ነገር ከእውነተኛ ቦታው ይርቃል። አምስት ሜትር ላይ ያለ የመሰለዎት ብስክሌት ሁለት ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይንዎ ከካሜራው ውጭ ይሁን፤ መውጫዎንም አስቀድመው ያዘጋጁ። ከመንገዱ መታጠፊያ ውጭኛው ጎን በፍጹም አይቁሙ፤ ፍሬኑ ያቃተው ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከዲላ በይርጋጨፌ ወደ ሞያሌ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ደግሞ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ስለሚበዛ አንድ ሰው አብሮዎት ሆኖ ከኋላ ይጠብቅዎ። ልጆችን ከማንሳትዎ በፊት ቤተሰብ ያስፈቅዱ። መፈልፈያ ጣቢያ ግቢ ለመግባትም እንዲሁ ኃላፊውን ይጠይቁ፤ ከማስጫ አልጋው ላይ ቡና ሳይነኩ ይለፉ፣ የሰው የዓመት ልፋት ነው።

እንግዲህ ምን ልግዛ ካሉኝ፣ ክሮፕ ካኖን ላለው 10-18፣ ክሮፕ ኒኮን ላለው ካሜራው ከተስማማ 10-20 እላለሁ። ፉል ፍሬም ካኖን ይዞ ገንዘቡ ለጠበበው ደህና የተያዘ፣ ያገለገለ 17-40፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ቢሆንም በኤፍ 8 ለሚሠራ ሰው አላረጀም። ትንሽ መጨመር ለሚችል 16-35 ኤፍ 4። ፉል ፍሬም ሶኒ ላለው 420 ግራም የሚመዝነው ታምሮን 17-28 ኤፍ 2.8፤ ቀላል ስለሆነ ለእሱ ብቻ ከኤፍ 4 ደንቤ እወጣለሁ። ከገንዘቡ የሚተርፍ ካለ ለፊልተሩና ወደ ኢዲዶ ለመመላለሻ ያድርጉት። በመጀመሪያው ጉዞ ካነሷቸው ፎቶዎች ጥሩውን ዲላ ወይም ሐዋሳ አሳትመው፣ በሁለተኛው ጉዞ ለብስክሌቱ ባለቤት ይዘውለት ይሂዱ።